ሶፎክለስም «አይሆንም» ተብሏል

ኢሜይሉ የደረሰኝ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። «ጽሑፍዎን ለእኛ ስለላኩ ከልብ እናመሰግናለን» ብሎ ይጀምራል። ሥራ ሲያመለክት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ምስጋና የበዛበት ደብዳቤ መጨረሻው አያምርም። ዓይኔን ቶሎ ወደ ታች ወረወርኩ። «ይሁን እንጂ» የምትለዋ ቃል ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ጥንታዊ የግሪክ ቴአትር አንድ ጥናት ጽፌ ባሕር ማዶ ለሚታተም የጥናት ጆርናል ልኬ ነበር (ስሙ ይቆየን)። ለመጻፍ ከዓመት በላይ፣ መልስ ለመጠበቅ ደግሞ ሰባት ወር ፈጀብኝ። መልሱ «አልተቀበልነውም» ሆነ። ከሥሩ የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት ተያይዟል። የአንደኛው አንድ ገጽ፣ የሁለተኛው አራት ገጽ።

ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

«ቢወጣልህ ኖሮ ስንት ይከፍሉህ ነበር?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ቀረብህ?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ደግሞ ጓደኛዬ ማኪያቶውን እያማሰለ የራሱን ማጽናኛ ሰጠኝ። «ድሮም የእነሱ ዕቃ ነው። አቴንስን ለእነሱ ተውላቸው። ሁለተኛ እንዳትልክ!»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ጓደኛዬ ነው። ምክንያቱም እሱ ስለ ጥንታዊ ኮሜዲ ጭምብሎች የጻፈው፣ ከእኔ ጽሑፍ የተሻለ ጥናት አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍላሽ ዲስክ አልወጣም። ለማንም አልላከውም። ማንም «አይሆንም» አላለውም፤ ማንም ግን አላነበበውም። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣውን የመመረቂያ ጽሑፍ ስታስቡት፣ የእሱ ፍላሽ ብቻዋን እንዳልሆነች ይገባችኋል።

«ኮሮስ ስጡኝ»

ወዳጄ፣ የምናጠናው ቴአትር ራሱ የተወለደው በማመልከቻ ነው።

በአቴንስ አንድ ደራሲ ድርሰቱን ይዞ ዘው ብሎ መድረክ ላይ አይወጣም ነበር። ትልቁ የዲዮኒሶስ በዓል የሚከበረው በመጋቢት ገደማ ነው። ደራሲው ግን ከወራት አስቀድሞ አርኮን ለሚባለው የከተማዋ ሹም ያመለክታል። ማመልከቱ «ኮሮስ መጠየቅ» ይባላል። ኮሮስ ማለት እየዘመረና እየጨፈረ ተውኔቱን የሚያጅበው ቡድን ነው። ሹሙ ከፈቀደ «ኮሮስ ሰጠው» ይባላል፤ የኮሮሱን ልምምድና አልባሳት ከኪሱ የሚሸፍን አንድ ሀብታም ዜጋም ይመደብለታል። በዚህ በዓል ላይ ለትራጀዲ ኮሮስ የሚያገኙት ሦስት ደራስያን ብቻ ነበሩ። እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጀዲና አንድ የሳቲር ጨዋታ ያቀርባሉ። አራተኛው አመልካችስ? ወደ ቤቱ!

«ወደ ቤትህ» ከተባሉት አንዱ ሶፎክለስ ነው። አዎ፣ ያ የምታውቁት ሶፎክለስ። ክራቲኖስ የተባለው የዘመኑ የኮሜዲ ደራሲ፣ ለሶፎክለስ ኮሮስ ከልክሎ ለሌላ ሰው በሰጠው አርኮን ላይ ተሳልቋል። ስላቁ በቁርጥራጭም ቢሆን እስከ ዛሬ ደርሶልናል።

ኮሮስ ማግኘትም የፍርዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። ዳኞቹ ከአሥሩ የአቴንስ ነገዶች በዕጣ የሚወጡ አሥር ዜጎች ናቸው። ድምፅ ከሰጡ በኋላ እንኳ የሁሉም አይቆጠርም፤ እንደገና ዕጣ ይወጣል። የሚቆጠረው የአምስቱ ነው የሚለው የብዙ አጥኚዎች አስተያየት ነው። እንግዲህ ስለ ገምጋሚ ዕድል የምናማርር ሰዎች ይህንን እናስታውስ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዩሪፒደስ «ሜዴያ»ን ይዞ ቀረበ። ዛሬ የዓለም መድረኮች ደጋግመው የሚያሳዩት ያ «ሜዴያ» የነበረበት ሥራው ስንተኛ ወጣ? ሦስተኛ። ከሦስት ሰው ሦስተኛ! የሶፎክለስ «ንጉሥ ኤዲፐስ»ም፣ የጥንት ጸሐፊዎች እንደነገሩን፣ በኤስኪለስ የእህት ልጅ በፊሎክለስ ተሸንፏል። አሪስቶትል ስለ ድርሰት ጥበብ ሲጽፍ የትራጀዲን አሠራር ለማሳየት ደጋግሞ የጠቀሰው «ኤዲፐስ»ን ነው። ከፊሎክለስ ተውኔቶች ደግሞ አንድም ሙሉ የተረፈ የለም።

ይህንን ያነሳሁት «ዳኞች ሁሌ ይሳሳታሉ፤ እኛ ሁሌ ትክክል ነን» ለማለት አይደለም። እንዲያ ብዬ ባቆም ጽሑፉ በጣም ይጣፍጣል፤ ግን ውሸት ይሆናል።

ሦስት ዓይነት ተመላሽ

ዩሪፒደስ «ሂፖሊተስ»ን ሁለት ጊዜ ጽፎታል። የመጀመሪያው ነቀፋ አመጣበት፤ ንግሥት ፌድራ የእንጀራ ልጇን ያለ ኀፍረት የምትፈልግበት አቀራረብ እንደነበር ይታመናል። ሁለተኛው ላይ ግን ፌድራ ፍቅሯን ውጣ ልትሞት የምትታገል ሴት ሆነች፤ ምስጢሩን የምታወጣው ሞግዚቷ ናት። አንድ ጥንታዊ ማስታወሻ፣ ነውር የተባለውና የተነቀፈው ነገር በዚህኛው እንደ ታረመ ይነግረናል። በ428 ቀረበ። አንደኛ ወጣ። እጃችን ላይ ሙሉውን ያለው ሁለተኛው ነው፤ ከመጀመሪያው የቀረን ቁርጥራጭ ብቻ።

አሪስቶፋነስ ደግሞ በ423 «ደመናዎች» በተባለው ኮሜዲው ሦስተኛ ወጣ። እሱም ድርሰቱን መልሶ አረመው። ታዲያ በእርማቱ ምን ጨመረበት? ተመልካቹን የሚወቅስ ንግግር! «ከሥራዎቼ ሁሉ ብልሁን አቅርቤላችሁ ሳይገባችሁ ቀረ» የሚል መንፈስ አለው። የታረመው ድርሰት በአንባቢ እጅ ዞረ እንጂ መድረክ ላይ እንደ ወጣ አይታወቅም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስንቶቻችን ነን ለገምጋሚ እንደ አሪስቶፋነስ መልስ የጻፍነው? እኔ አንድ ረቂቅ ጽፌ ነበር። አላህም ማርያምም ረድተውኝ ሳልልከው ነጋ።

ሦስተኛው ዓይነት ያ ሹሙን የተሳለቀበት ክራቲኖስ ነው። በ424 አሪስቶፋነስ «ፈረሰኞች» በተሰኘው ኮሜዲው ይህን አንጋፋ ሰው «ጊዜው ያለፈበት ሰካራም» አድርጎ አላገጠበት። ክራቲኖስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በዓመቱ ስለ ራሱ ስካር ተውኔት ጻፈ። «የወይን ጠጅ ኮዳ» ብንለው ያስኬዳል። በተውኔቱ ላይ ኮሜዲ ራሷ ሚስቱ ናት፤ ባሏ በመጠጥ ስለ ወሰለተባት ታማርራለች። «ደመናዎች» ሦስተኛ በወጣበት በዚያው በ423 አንደኛ የወጣው ይህ ነው። ሰውዬው ስድቡን ተቀብሎ ድርሰት አደረገው።

ጽሑፍ ሲመለስብህ እንግዲህ ምርጫው ይኸው ነው። ወይ እንደ ዩሪፒደስ ታርመዋለህ፣ ወይ እንደ አሪስቶፋነስ ትሳደባለህ፣ ወይ እንደ ክራቲኖስ ትችቱን ራሱን ሥራ ታደርገዋለህ። ፍላሽ ውስጥ መቅበር የሚል አማራጭ እነዚህ ሰዎች ዘንድ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ገምጋሚ

አሁን ወደ ራሴ ውርደት ልመለስ።

ዩሪፒደስ በ412 «አንድሮሜዳ» የሚባል ተውኔት አቅርቧል። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ ቋጥኝ ላይ ትታሰራለች፤ ፐርሴዎስ ደርሶ ያድናታል። ተውኔቱ ጠፍቷል፤ የተረፉት ቁርጥራጮች ናቸው። በዘመኑ ግን ወሬው አገር አዳርሶ ነበር። አሪስቶፋነስ በዓመቱ፣ በ411፣ በኮሜዲ ቀለደበት። በ405 ባቀረበው «እንቁራሪቶች» ላይ ደግሞ ዲዮኒሶስ የተባለው አምላክ ራሱ፣ መርከብ ላይ ሆኖ «አንድሮሜዳ»ን ሲያነብ ለዩሪፒደስ ናፍቆት እንዳደረበት ያወራል።

«የኢትዮጵያ ልዕልት፣ በአቴንስ መድረክ ላይ!» ያንን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጻፍኩ። «ይህ ተውኔት ስለ አገራችን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃ እንዲሆን ደግሞ ቦስተን ሙዚየም ያለውን፣ አንድሮሜዳ ስትታሰር የሚያሳየውን የአቴንስ የሸክላ ዕቃ ጠቀስኩ። በሥዕሉ ላይ አጃቢዎቿ ጥቁር አፍሪካውያን ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ሁለተኛው ገምጋሚ ሥራውን የጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። «ደራሲው የትኛዋን ኢትዮጵያ ማለታቸው ነው?»

ከዚያ አራት ገጽ ወረደብኝ። ግሪኮቹ ቃሉን የሚጠቀሙት «ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ» ለሚሏቸው ሕዝቦች ነው። የሆሜር ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳርቻ ለሁለት ተከፍለው የሚኖሩ ናቸው፤ ገሚሶቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ ገሚሶቹ በምትጠልቅበት። ሄሮዶቱስ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን፣ ሜሮኤ ዋና ከተማው የሆነውን አገር ይላል። የአንድሮሜዳን ቋጥኝ እዚያ ያፋ ወደብ ላይ የሚያደርጉ የጥንት ጸሐፊዎችም አሉ። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ «አገራችን» ዘልዬዋለሁ።

የሸክላው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ዕቃው የተሠራው በ450 ገደማ ነው፤ ከዩሪፒደስ ተውኔት ወደ 40 ዓመት ይቀድማል። አጥኚዎች የሚያያይዙት ሶፎክለስ ከጻፈውና ከጠፋው ሌላ «አንድሮሜዳ» ጋር ነው። ደግሞስ፣ አለ ገምጋሚው፣ አጃቢዎቹ ጥቁር ከሆኑ ልዕልቷ ራሷ ለምን በምሥራቅ ሰው አለባበስ ቀረበች? ደራሲው ይህንን አላዩትም?

አላየሁትም። ማለቴ፣ አይቼዋለሁ፤ ግን ለጉዳዬ አልተመቸኝም።

ሦስት ቀን ተናደድኩ። በአራተኛው ቀን አስተያየቱን እንደገና ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ይህ ሰው፣ ወይም ይህች ሴት፣ የጽሑፌን እያንዳንዱን ገጽ አንብቧል። የቁርጥራጮቹን ቁጥር ሳይቀር እየገለጠ አመሳክሯል፤ እኔ የጠቀስኩት ናውክ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ካዘጋጀው እትም ነበር፣ አሁን የሚጠቀሰው ግን ካኒሽት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ነው። ለዚህ ሥራ የሚከፍለው የለም። ስሙም አይጠራም። ስሜንም አያውቅም። በሕይወቴ ጽሑፌን እንዲህ አጥብቆ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም (አማካሪዬ ይቅር ይበሉኝ)።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም እኮ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ የተበላሸውንም ያፈርሳል። ቅኔው ፈረሰ ተብሎ ትምህርቱን የሚተው የለም፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ ነው መታረምን ከመዋረድ ጋር ያምታታነው።

ሜዳው እኩል ነው?

አይደለም። ይህን ጓደኛዬ ልክ ነው።

የካኒሽት ዓይነት እትም ዋጋው የአንድ ጀማሪ መምህርን ደመወዝ ያስንቃል። ብዙ ጆርናሎች በክፍያ የተቆለፉ ናቸው። አንድ የሸክላ ሥዕል ለማሳተም ከሙዚየሙ ፈቃድ መጠየቅ አለ። እንግሊዝኛችን ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ከየት እንደመጣን ይናገራል። እነዚህ እውነተኛ እንቅፋቶች ናቸው፤ «ጠንክሮ መሥራት ነው» በሚል ምክር አይነሡም።

ግን በር ሁሉ ዝግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው «ዲዳስካሊያ» የግሪክና የሮማ ቴአትርን ጥናት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ለአንባቢ ያቀረበ ጆርናል ነው። ስሙ «ማስተማር» ማለት ነው፤ አቴንሶች ኮሮስን ማሠልጠን የሚሉበት ቃል ነው። በግሪክ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው «ሎጌዮን»ም ሙሉ በሙሉ ለጥንታዊ ቴአትር የቆመ ሲሆን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል።

ከመደፈር አጠገብ ግን ሌላ ገደል አለ። ኢሜይላችሁን ከፍታችሁ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናትማለን፤ የሚያስፈልገው ትንሽ ክፍያ ብቻ ነው» የሚል ደርሷችሁ ያውቃል? ለእኔ ይደርሰኛል፤ ፕሮፌሰርም አይደለሁም። እነዚህ ኮሮስ የሚሸጡ አርኮኖች ናቸው። ማንም አያነብላችሁም፣ ማንም አያርማችሁም፣ ገንዘባችሁ ይሄዳል። ለደረጃ ዕድገት የተጣደፈ ወጣት መምህር እዚያ ሲገባ እያየን ዝም ብለናል። የእኔ «አንድሮሜዳ» እዚያ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ከነስሕተቱ ታትሞ፣ ስሜ ተጽፎበት፣ ዕድሜ ልኬን ሲከተለኝ ይኖር ነበር። ያ «አልተቀበልነውም» ያለኝ ጆርናል ከዚህ ነው ያዳነኝ።

«የእነሱ ዕቃ»

ወዳጄ፣ «የእነሱ» ያልከው የማንን ነው? ናውክና ካኒሽት ጀርመኖች ናቸው፤ አንዳቸውም አቴንስ አልተወለዱም። የዩሪፒደስን ቁርጥራጭ የእነሱ ያደረገው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጭ ብለው ማንበባቸው ነው። በዚያ ልክ ያንተም ይሆናል።

በእኔ በኩል፣ ጽሑፉን ከሥሩ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። «ተውኔቱ ስለ አገራችን ነው» የሚለው አረፍተ ነገር ወጥቷል። በቦታው የገባው ገምጋሚው የሰጠኝ ጥያቄ ነው። አንድ የአቴንስ ተመልካች መድረክ ላይ «ኢትዮጵያ» ሲባል ሲሰማ በዓይነ ሕሊናው ምን ያይ ነበር? ጽሑፉ እንደ ቀድሞው አያስፎክርም። እንቅልፍ ግን ይከለክላል። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሌላ ጆርናል ላክሁት። ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ እንደገና አነበዋለሁ።

አንተ ደግሞ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ልትልክበት ካሰብከው ጆርናል ሦስት አራት ጽሑፍ አንብብ፤ ጭምብል ይወዳሉ ወይስ ሰዋስው? የጸሐፊ መመሪያቸውን እንደ ኮንትራት ቁጠረው። ስምህን ከርዕሱ ሥር ብቻ ሳይሆን ከግርጌ ማስታወሻውና ከፋይሉ መረጃ ውስጥም አጥፋ፤ ፋይሉ የማን እንደሆነ በጓሮ በር ይናገራልና። «በቀድሞ ጥናቴ እንዳሳየሁት» አትበል። ለአንድ ጆርናል ብቻ ላክ፤ መልስ ሳይመጣ ለሁለተኛ መላክ ነውር ነው። ወራት ትጠብቃለህ፤ ጠብቅ። «አርመህ መልስ» ካሉህ ደስ ይበልህ፤ አልተባረርክም ማለት ነው። እያንዳንዱን አስተያየት በተራ መልስለት፤ የማትስማማበትንም ምክንያትህን ጽፈህ አልፈው።

«ሎጌዮን» የሚለው ቃል፣ ጆርናል ከመሆኑ በፊት፣ በግሪክ ቴአትር ተዋናዩ ቆሞ የሚናገርበት መድረክ ስም ነበር። ጭምብሎችህ ሁለት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ጀርባ ቆመዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ያው ማኪያቶ ቤት ነኝ። ፍላሽህን ይዘህ ና። ሒሳቡ በእኔ ነው።